በሽማግሌ የተጠየቀች ጀልባ

ሦስት ዓመት ሙሉ ጀልባ ፈለግኩ። ያየኋቸው ሃያ ሦስት ናቸው። ሁሉም ባለ ሸራ፣ ሁሉም ያገለገሉ፣ አብዛኞቹ እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር የተሠሩ። የእያንዳንዳቸውን ጉድለት በደብተር እየጻፍኩ ወደ ቤት እመለስ ነበር። ባለቤቴ ደብተሩን «የክስ መዝገብ» ትለዋለች።

አንድ የአውቶቡስ መካኒክ ውቅያኖስ ላይ ምን ሥራ አለው ለሚል፣ ነገሩ የጀመረው በሰውነቴ ክብደት ነው። ጋራዥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ በኋላ ሐይቁ ላይ የጀልባ ውድድር ይወዳደራል። ነፋስ ጀልባዋን ወደ አንድ ጎን ሲያጋድላት በላይኛው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሚከብድ ሰው ያስፈልገው ነበርና ጋራዡን ዙሪያውን አማትሮ እኔን መረጠ። ስድብ ይሁን ግብዣ ሳልለይ ሄድኩ። ማውንት ቤከር ከሚባለው ሰፈር በታች ሞተሩ ጠፋ፣ ሸራው ተወጠረ፣ ያ ሁሉ ዕቃ ያለ አንዲት ጠብታ ነዳጅ ወደፊት ተፈተለከ። ሠላሳ ዓመት ናፍጣ ሲያሸት ለኖረ ሰው ይህ ተአምር ነው። እንደ ሕፃን ሳቅኩ።

ከዚያ ወዲያ መላቀቅ አልቻልኩም። ኮርስ ወሰድኩ፣ ትንሽ ጀልባ እየተከራየሁ መለማመድ ጀመርኩ። ቤልቪው ከተማ ጥርስ ሐኪም ቤት የምትሠራው ባለቤቴ መጀመሪያ «አብደሃል» አለች፤ ቀጥላ ዋና ተማረች፤ ከዚያ እኔ ሁለት ወር የፈጀብኝን ገመድ አስተሳሰር በአንድ እሑድ ተምራ ታርመኝ ጀመር። ልጆቹ ከቤት ሲወጡ እቅዱ ራሱ መጣ። ጠንካራ አሮጌ ጀልባ እንገዛለን፣ ከከተማችን ፊት ባለው ወሽመጥ ወጥተን ውቅያኖሱን እንይዛለን፣ የባሕሩን ዳር ይዘን ወደ ደቡብ፣ ከቻልን እስከ ሜክሲኮ። በወረቀት ላይ እጅግ ያምራል።

አሮጌ ያልኩት ስለ ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን ሠሪዎች ፋይበርግላስ የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚችል ገና አላመኑትም ነበርና የጀልባውን ሆድ እንደ ግድግዳ አወፍረው ነው የሠሩት። እንደዚህ ያለ ሆድ ከባለቤቱ ዕድሜ ይበልጣል። የሚያረጀው ሌላው ነው። ስለዚህ ዓይኔን የምጥለው በተደበቀው ላይ ነበር፦ ከሆዷ ሥር የተንጠለጠለው ከባዱ ክብደት፣ ኪል የሚሉት፣ የታሰረባቸው ብሎኖች ዝገዋል ወይ? ምሰሶውን ግራና ቀኝ የወጠሩት የብረት ገመዶች የሚያያዙበት ብረት ውሃ ያስገባል ወይ? ወለሉን ሲረግጡት ይሰምጣል ወይ? ከሁሉ በፊት ግን ሽታ ነው። በሩ እንደተከፈተ ራስህን አስገብተህ ትተነፍሳለህ። ሻጋታ፣ ናፍጣ፣ የቆመ ውሃ፤ ጀልባ ልክ እንደ ጎረቤት ነው፣ ሚስጥሩን የሚያወጣው ገና በር ላይ ነው።

ታዲያ አፍንጫዬ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያገኝ ነበር። አንዷ ወለሏ እንደ እንጀራ ይለሰልሳል፤ አንዷ ሞተሯ ደህና ሆኖ መሪዋ ይንቀጠቀጣል፤ አንዷ ሁሉ ነገሯ ሙሉ ሆኖ የወጥ ቤቷ ቧንቧ አልጣመኝም። በቧንቧው ጊዜ ባለቤቴ መኪና ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አንተ የምትፈልገው ጀልባ አይደለም» አለች። «ሰበብ ነው።»

ተቆጣሁ። ውቅያኖስ ቀልድ አይደለም፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ምናምን እያልኩ እስከ ሰፈራችን፣ እስከ ሴንትራል ዲስትሪክት ድረስ ሰበክኳት። እሷ ሬዲዮ ከፈተች።

ሃያ አራተኛዋን ያየናት በመጋቢት ውስጥ በአንድ እሑድ ቀን ባላርድ ሰፈር፣ የጀልባ ማቆሚያ ላይ ነው። የጀልባዋ ባለቤት ሰባዎቹን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ የጎማ ቦት የተጫሙ ወይዘሮ ናቸው። ባላቸው ካረፉ ሁለተኛው ክረምት ነበር። በሩን ከፍተው «ግቡ» ሲሉን እንደ ልማዴ ራሴን አስገብቼ ተነፈስኩ። የሸተተኝ ንጹሕ እንጨትና የሎሚ ሳሙና ነው። ወለሉን ረገጥኩ፤ ድንጋይ። በላስቲክ መዶሻዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆረቆርኩ፤ የትም ቦታ ባዶ ድምፅ የለም። ሞተሩ ሥር ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ነጭ እንደሆነ ነው። በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር ትንሽ ጽሑፍ በእጅ ተጽፎ ተለጥፏል። እንደ እኔ ያለ ሰው እንደዚህ ያለ ሥራ ሲያይ እንባው ይመጣል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጀልባዬን እንዳገኘሁ አወቅኩ።

ስላወቅኩም መስደብ ጀመርኩ።

ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። እኔ ሙያዬን የተማርኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ እየገዛሁ ነው። እዚያ ሕግ አለ። የፈለግከውን ዕቃ መጨረሻ ላይ ነው የምታነሳው። ስታነሳው ፊትህን ታኮሳትራለህ። ከዚያ ታጣጥለዋለህ፦ ይሄ ደግሞ ከየት የወደቀ ነው፣ ቢጣልስ ማን ያነሳዋል? ሻጩ አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ የሚገዛ ሰው እንደመጣ ያወቀው በስድቡ ነው። «አንተ ዕቃ ታውቃለህ እንዴ?» ብሎ ይመልስልሃል፣ በእናቱ ይምላል፣ አንተ ትተህ ትሄዳለህ፣ ሦስት እርምጃ ሳትራመድ «ና እስቲ አንተ!» ብሎ ይጠራሃል። ያሞገስከውን ዕቃ ግን በደህና ዋጋ ገዝተህ አትወጣም። ይህ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል።

ስለዚህ ወይዘሮዋ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዱልን ሳለ እኔ በእንግሊዝኛዬ ጀልባዋ ላይ ወረድኩባት። ሸራው አርጅቷል አልኩ። ሞተሩን የሚወደው ሙዚየም ነው አልኩ። ቀለሙን ምን ዓይነት ሰው መረጠው አልኩ። ባለቤቴ በእግሯ ረገጠችኝ፤ እኔ ግን ሞቆኛል። አልጋው ራስጌ ላይ አንዲት የመጻሕፍት መደርደሪያ ነበረች፣ ማዕዘኖቿ በእጅ የተጠረቡ፣ ጣት ሲሄድባቸው መገጣጠሚያው አይታወቅም። እሷን በጣቴ መታ መታ አድርጌ «ይሄን የሠራው ሰው ደግሞ ከእንጨት ጋር ጠብ ነበረው?» አልኩ።

ወይዘሮዋ ፔርሙሱን ከደኑ።

«በግልጽ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አሉ በትሕትና። «ይህች ጀልባ ለአንተ አትሆንም።» ተነሡና በሩን ያዙልን።

ለእኔ ይህም የገበያው አካል መሰለኝ። ወረድኩና ጀልባዎቹ በታሰሩበት የእንጨት ድልድይ ላይ ቀስ እያልኩ መራመድ ጀመርኩ፣ እስኪጠሩኝ። ሦስት እርምጃ፤ ምንም። ቆሜ የሌሎችን ጀልባዎች አየሁ። ጎንበስ ብዬ ያልተፈታ የጫማ ክሬን ፈትቼ አሰርኩ። ከኋላዬ ቁልፍ ሲቆለፍ ሰማሁ። ቀና ስል ወይዘሮዋ በሌላው በኩል ወደ መኪናቸው እየሄዱ ነው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች ባለቤቴ። «ደስ አለህ?»

«ያቺን መደርደሪያ ማን የሠራት ይመስልሻል?» አልኳት፤ መልሱን ግን እየጠየቅኩ ሳለሁ አወቅኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ ሁለቱንም ጨርሻለሁ።

ያን ሳምንት ጤና አልነበረኝም። ሥራ ላይ አውቶቡስ ሥር ተኝቼ የማየው ያችን ጀልባ ነው።

«ሶ ምን ልታደርግ ነው?» አለች ባለቤቴ። «ቴክስት ላክላቸው።»

«ልኬያለሁ፣ ይቅርታ ጠይቄ። ‹ከሽያጭ አንስቻታለሁ› ብለው መለሱልኝ።»

«እንግዲያው እንደ ሰው አድርገው። ሽማግሌ ላክ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። በማግሥቱ ቼሪ መንገድ ላይ ባለ ምግብ ቤት ከሁለት ሽማግሌዎች ፊት ተቀምጬ ነበር። አንደኛው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ማንም የተጣላ ባልና ሚስት በሰፈሩ ውስጥ ከእሳቸው አያመልጥም፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለተኛው የወሎ ሰው፣ ጃክሰን መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው። ጋሼ ይናገራሉ፤ ሐጂ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይወጣቸውም።

«ምን አጠፋህ?» አሉ ጋሼ።

«ጀልባ ሰደብኩ።»

«ኦኬ። ጀልባ ትሰደብ። ሌላስ?»

«የሞቱት ባላቸው በእጃቸው የሠሩትን መደርደሪያም ሰደብኩ።»

የጋሼ ሹካ ቆመ። «ሙት ወቃሽ ሆንክ?»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ እንደ ቀልድ ያየው ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ለወይዘሮዋ ኮል አደረገች፤ ባሌ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ልኮ ይቅርታ ሊጠይቅዎት ይፈልጋል፣ በአገራችን ወግ ነው አለች። «ሁለት ምን?» አሉ ወይዘሮዋ። ሲገባቸው ግን የሰው ልጅ የማወቅ ጉጉት ከቅያሜ ይበልጣልና «ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ላይ» አሉ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን እንደ መስታወት አስወልውለው መጡ። ጀልባ ላይ በቆዳ ጫማ አይወጣም ሲባሉ ሐጂ ደስ አላቸው፤ «ጨዋ ቤት ነው» አሉና አውልቀው በድልድዩ ላይ አሰለፉት። አራታችን ከኋላ መሪው ባለበት ጠባብ ቦታ ላይ ቆምን። ወይዘሮዋ ትራስ አዘጋጅተው «ተቀመጡ» አሉ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ በአማርኛ። ሽምግልና በእንግሊዝኛ አይሆንም ብለው ባለቤቴን አስተርጓሚ አድርገዋታል። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም መቀመጥ ወጋችን አይደለም።»

ይህን ወግ ያወጡት ሰዎች የሚንቀሳቀስ ወለል አያውቁም ነበር። በዚያው ቅጽበት አንድ ትልቅ የዓሣ ጀልባ በአጠገባችን አለፈና ማዕበሉ መጣ። ጋሼ በከረባታቸው ወደ ግራ ሄዱ፣ ሐጂ በካልሲያቸው ወደ ቀኝ፤ ሁለቱም ያገኙትን ገመድ ያዙ። መቀመጥ ግን አልተቀመጡም።

«ውሃ ውስጥ ይገባሉ!» አሉ ወይዘሮዋ ለባለቤቴ። «እባክሽ ይቀመጡ በያቸው።»

«ይቅር እስኪሉት አይቀመጡም።»

«ይቅር ብዬዋለሁ! ይቅር ብያለሁ፣ አሁን ይቀመጡ!»

«እግዜር ይስጥልን» አሉ ጋሼ ገመዱን እንደያዙ። «ይቅርታው አንደኛው ጉዳይ ነው። ሁለተኛ ጉዳይ አለን።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሼ በሕይወታቸው ሲጠይቁ የኖሩት ለጋብቻ የሰው ሴት ልጅ ነውና አፋቸው ወደለመደው መንገድ ሄደ። «እመቤቴ፣ ይህ ልጃችን ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። መጠጥ አያበዛም። ሥራ አያስታጉልም። አፉ ትንሽ ይፈጥናል እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው። እርስዎ በደንብ ያሳደጓትን ይህችን ልጅ ለልጃችን ይስጡልን ብለን መጥተናል።»

ባለቤቴ ቃል በቃል ተረጎመችው። ወይዘሮዋ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዱ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ። እኔም ሳቅኩ፤ ያለቀልኝ መስሎኝ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ አንተ ንገረኝ። ጀልባዬ ምኗ ነው መጥፎ?»

የምናለሽ ተራን ሕግ ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ስለዚህ ዕቃ የምትሰድበው ስትፈልገው ነው።»

«አዎ።»

«በጣም የሰደብከው በጣም ስለፈለግካት ነው።»

«አዎ። እንደሷ ያለ ጀልባ አይቼ አላውቅም። መደርደሪያዋም…» በጣቴ ወደ ውስጥ አመለከትኩ። «እኔ እንደዚያ መሥራት አልችልም።»

እዚህ ላይ ነገሩ በሰላም ያልቅ ነበር። ባለቤቴ ግን ማንም ሳይጠይቃት፣ ሁሉም እንዲሰማት በእንግሊዝኛ፣ «ሌሎቹን ሃያ ሦስቱንስ?» አለች።

ወይዘሮዋ ስለየትኞቹ ሃያ ሦስት ነው ብለው ጠየቁ፤ ባለቤቴ ደብተሩን፣ ሦስቱን ዓመት፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሳይቀር ነገረቻቸው። ለወዳጅም ለጠላትም አንድ ምስክር እንዳለኝ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

«ስድቡ አይደለም እኮ ያስቆጣኝ» አሉ ወይዘሮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባሌ ከአንተ የባሰ ይሰድባት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ለውቅያኖስ አዘጋጃት። በየበጋው ልንወጣ ስንል አንድ ነገር ያገኝባታል። ፓምፑ፣ ሽቦው፣ ቀለሙ። ያቺን መደርደሪያ ሦስት ጊዜ አፍርሶ ነው የሠራት። ‹በሚቀጥለው በጋ› ይለኝ ነበር። ይህች ጀልባ ወሽመጡን ጨርሳ ውቅያኖስ አይታ አታውቅም። አንተ ያን እሑድ ስትናገር እሱን ሰማሁት። ለሁለተኛ ጊዜ ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ልሰጣት አልፈለግኩም።»

ባለቤቴ ይህን ለሽማግሌዎቹ ስትተረጉም ድምፅዋ ተቆራረጠ። እኔ የጀልባዋን ጠርዝ ይዤ ውሃውን አየሁ። በውስጤ ብዙ ጥሩ ጥሩ መልስ ነበር፤ ስለ ደኅንነት፣ ስለ ኪል ብሎን። አንዱም እውነት አልነበረም።

«ፈርቼ ነው» አልኩ። «በመጀመሪያዋም ጊዜ፣ በሃያ ሦስተኛዋም ጊዜ። ጥሩ ጀልባ ካገኘሁ መሄድ ሊኖርብኝ ነው። ዳር የማይታይበት ውሃ ያስፈራኛል።»

ለባለቤቴ እንኳ ብዬው አላውቅም። ቀና ብዬ ሳያት እየሳቀችብኝ አይደለም፤ እጇን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች።

«እሱ አንድ ቀን እንኳ እንደዚህ ቢለኝ ኖሮ» አሉ ወይዘሮዋ፣ «‹እኔም ፈርቻለሁ› እለው ነበር። አብረን ፈርተን እንሄድ ነበር።» ከዚያ «መቼ ነው የምትወጡት?» አሉኝ።

ጋሼ ትርጉሙን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ቀን ይቆረጥ ነው የሚሉት! ይሄማ የእኛው ነው!»

«እንግዲህ» አልኩ፣ «መጀመሪያ የምሰሶውን ገመዶች መቀየር፣ ከዚያ ሸራውን…»

ሁሉም አዩኝ። ጫማቸውን ካወለቁ ወዲህ ቃል ያልተነፈሱት ሐጂ ገመዳቸውን እንደያዙ «ልጄ» አሉ፣ «የተጠየቅከው ቀን ነው።»

«በሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወይዘሮዋ «በሉ፣ ሰጥቻችኋለሁ» አሉ፣ ሽማግሌዎቹ ገመዱን ለቀው ተቀመጡና መረቁ፣ ባለቤቴ ቀኑን ስልኳ ላይ አስገባች፣ ማስታወሻ እንዲደወልም አደረገች። ወይዘሮዋ ሻዩን መቅዳት ጀመሩ። ለእኔ ሲደርሱ ዓይናቸውን ከኩባያው ሳያነሡ ጠየቁኝ።

«ውቅያኖሱ እስከሚጀምርበት ድረስ፣ ከዚያ አልፌ አልመጣም፣ ለአንድ ሰው ቦታ ይኖራችኋል?»

አለ አልኳቸው።